ቀትር ላይ የሚበራው ኤሲ

ልብስ ሰፊዋና ሾፌሩ ባሏ ቤቱን ሲገዙ ደላላው ደጋግሞ ያነሳላቸው የነበረው ስለ ኤሲው ነው። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ሰፈር ኤሲ የተገጠመለት ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። የተሰቀለው በኋለኛዋ ክፍል፣ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። የቀድሞው ባለቤት በዚያችው ክፍል ታመው መሞታቸውን ግን ደላላው ትንፍሽ አላለም። ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ከገቡ በኋላ ከሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ሰው ያልሞተበት ቤት የት ይገኛል ብላ አለፈችውና የስፌት መኪናዋን እዚያው አስገባች። ከቤቱ ጋር የመጣ ሪሞት ስላልነበረ ባሏ ከገበያ አንድ ገዝቶ ሰጣት፤ ከዚያም የጭነት መኪናውን አስነስቶ ወደ ረጅሙ መንገዱ ሄደ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሸሚዝ ላይ እጅጌ እየገጠመች ሳለ ከራሷ በላይ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል የኤሲው ክዳን ቀስ ብሎ እየተከፈተ ነው። ብርዱ ማጅራቷ ላይ ወረደ። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ከመቀሱ ጎን ተኝቷል፤ የነካው ሰው የለም። አጠፋችው። መርፌውን ሳታነሳ እንደገና ጢጥ አለና በራ።

በማግስቱም በራ፤ ከዚያም በኋላ በየቀኑ። ፀሐይ ጣሪያውን ማንጫጫት ስትጀምር ይበራል፤ አመሻሽ ላይ አየሩ ቀለል ሲል፣ የመብራት ክፍያ የሚያሳስበው ሰው ያለ ይመስል፣ ራሱ ይጠፋል። በስልክ ለባሏ ስትነግረው፣ ሰይጣንም እንግዲህ ሙቀቱን አልቻለውም ማለት ነው ብሎ ሳቀባትና ጠጋኝ እንድትጠራ መከራት።

የመጀመሪያው ጠጋኝ በሰፈሩ «በረዶ» የሚሉት ወጣት ነበር። ክዳኑን ገልጦ ትንሽ አየና የሚቆጣጠረው ቦርድ አብዷል አላት። የዋጋውን ነገር ስትሰማ ደሟ ቀጥ አለ፤ ግን ፍርሃቱ ከብሩ ስለበለጠባት እሺ አለች። አዲስ ቦርድ ገጠመ፣ አሮጌውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። በማግስቱ ቀትር ላይ ኤሲው በራ። ሁለተኛው ጠጋኝ ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው የሚያሳምን ሰውዬ ናቸው። ጋዙ ስላለቀ ነው የሚቃዠው ብለው ጋዝ ሞሉበትና ብሯን ተቀበሏት። የብዙ ደንበኛ ልብስ የተሰፋበት ገንዘብ በሁለት ሳምንት ውስጥ እልም አለ። ኤሲው እንደሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መብራቱን ቀጠለ።

አንድ ቀን መረራትና ቀትር ሳይደርስ ማብሪያ ማጥፊያውን ከግድግዳው ላይ ዘጋችው። የለመደችው ሰዓት ደረሰ፤ ጢጥ የሚል ነገር የለም። እፎይ ማለት ሲገባት ጭራሽ ባሰባት። ክፍሉ እየጋለ፣ እየታፈነ ሄደ። ከጀርባዋ፣ ድሮ የሟቹ አልጋ ነበረበት በሚባለው ጥግ፣ የሆነ ሰው በሙቀት ተቃጥሎ ትንፋሽ ያጠረው መሰላት። ዞር ብላ አየች፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ብቻ ነው። ሆኖም ተነስታ ማብሪያውን ከፈተችው። ወዲያው ጢጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ስትሠራ ለዚያ ጥግ ጀርባዋን መስጠት ተወች።

ነገሩ የተገለጠው በመጋረጃ ምክንያት ነው። አንድ ደንበኛ ወፍራም መጋረጃ አሰፍታ ነበርና፣ ልብስ ሰፊዋ አወራረዱን ለማየት በክፍሏ መስኮት ላይ ሰቀለችው። በዚያን ቀን ኤሲው አልበራም። ደንበኛዋ በማግስቱ መጥታ መጋረጃውን ስትወስድ፣ ገና በሩ ሳይዘጋ ጢጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በመስኮቱና በጎረቤት ቤት መካከል ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍባት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ከመተላለፊያዋ ማዶ ባለው መስኮት አንዲት አሮጊት ቆመዋል። የከሳ ክንዳቸውን እንደሚመርቅ ሰው ወደ እሷ ክፍል ዘርግተዋል። እጃቸው ላይ ያለው ሪሞት ነው። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አሮጊቷ ክንዳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

የዚያ ቤት በር በሌላኛው መንገድ በኩል ስለሆነ ከሰዎቹ ጋር ተያይተው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ዞራ ሄዳ አንኳኳች። አሮጊቷ ራሳቸው ከፈቱላት። ልጃቸው ሥራ ስለምትውል ቀን ቀን ብቻቸውን ናቸው። የሟቹ ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ገብተው፣ የተሰጠቻቸው ክፍል መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው የድሮ መኝታ ቤታቸውን ሆነ።

«እማማ፣ ኤሲውን የሚያበሩት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

«ይሞቀዋላ» አሏት፤ ይህን እንዴት አታውቂም በሚል ድምፅ። «እሱ ሙቀት አይችልም።»

ተናዳ ነበር የመጣችው፤ ንዴቷ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። አስገቡና አስቀመጧት፣ ነገሩንም ሳይቸኩሉ አጫወቷት። ባላቸው ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ሙቀቱ በጀመረ ሰሞን ኤሲው ቀጥ አለ። የመጣው ጠጋኝ ኮምፕሬሰሩ፣ ዋናው ሞተር፣ ሞቷል ብሎ የሚገዛበትን ብር ሙሉውን ተቀበለና ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። በማግስቱ ስልኩ ዝግ ነበር። ሌላ ጠጋኝ ለመጥራት እጃቸው ላይ ምንም አልቀረም። በካርቶን እያራገቡላቸው ሰነበቱ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ሕመምተኛው ከትራሱ ቀና ብለው «መጣ?» ይሉ ነበር። እንደጠየቁ ሞቱ።

ለለቅሶ የመጣ ዘመድ ነው ሌላ ጠጋኝ ያስገባው። ያኛው ከውጭው ማሽን ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ነቅሎ፣ በምትኳ ሌላ አደረገ። ዋጋዋ ለመከራከር እንኳን የማይበቃ ነበር። ኤሲው ተነሳ። «ክፍሉ ቀዘቀዘ» አሉ አሮጊቷ፣ «አልጋው ግን ባዶ ነው።»

ጠጋኞቹ ኤሲውን ሲፈቱት በመስኮቱ አይተው ነበርና፣ ምን ያህል እንዳስወጧት ጠየቋት። ስለ ቦርዱና ስለ ጋዙ ስትነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«በእኔ ጦስ ነው እኮ፣ ልጄ። ብቻ ከእንግዲህ እንደኛ አትሁኚ። ምኑ እንደተበላሸ ሳያሳይሽ አይፍታ። ትልቅ ዋጋ ከጠራብሽ ሌላ ሰው ይይልሽ። ጋዝ አለቀ ካለሽ ጋዝ ዝም ብሎ አያልቅም፤ የሚያፈሰው የት ጋ እንደሆነ ያሳይሽ። የነቀለውንም አሮጌ ዕቃ እጅሽ ላይ ትቶልሽ ይሂድ። ብሩን ደግሞ በርቶ ሳታዪ እንዳትሰጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ፤ ከተባለው አንዱንም አላደረገችም ነበር። ስትነሳ አሮጊቷ ሪሞቱን አንስተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ልጃቸው የሰው ቤት እኮ ነው እያለች ስትቆጣቸው እንደኖረች፣ እሳቸውም መሆኑን እያወቁ ቀትር ሲደርስ እጃቸው አላርፍ እንዳላቸው ነገሯት። ልትመልስላቸው ፈለገች፤ እጃቸውን ሰብስበው ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ቀትር ሆነ። ኤሲው አልበራም። ማዶ ያለው መስኮት ተዘግቷል፣ መጋረጃውም ወርዷል። ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ እያጠበበች ነበር፤ ግን ጆሮዋ ከራሷ በላይ ሆኖ ስፌቱ ተጣመመባት። ክፍሉ እየጋለ ሲሄድ ጥጉን ላለማየት ታገለች። ማንም እንደሌለ ታውቃለች። ኤሲው ምንም እንዳልነበረበትም፣ የደረሰውንም ሁሉ ከአሮጊቷ አፍ ሰምታለች። ቢሆንም አንድ ሰው ከትራሱ ቀና ብሎ የሚጠብቅ መሰላት፤ የሚጠብቀው ደግሞ አሁን እሷን ነው።

ተነስታ አበራችው። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ጎትታ ወደ ሳሎን አወጣች።

ባሏ ከመንገድ የተመለሰው በእንዲህ ያለ ቀትር ላይ ነው። እሷ ሳሎን ውስጥ ላቧን በጨርቅ እየጠረገች ትሰፋለች። ልብሱን ሊቀይር የኋለኛዋን ክፍል ሲከፍት ብርዱ ተቀበለው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሰው የሌለበትን ክፍል ለማን ብለሽ ነው የምታቀዘቅዢው፣ ያ ሁሉ ብር የፈሰሰው ለዚህ ነው እንዴ ብሎ ጠየቃት። ተነስታ በአጠገቡ አለፈችና፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው በሩን እንደሚዘጋው፣ እጀታውን ይዛ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ቀስ ብለህ አውራ» አለችው።