ዝም ያለው ወለል

የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ጫማ አውልቁ» ነው የሚላት። እንግዳ ሲመጣ ከፊቱ ቀድማ እግሩን ስለምታይ ነው። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው፣ ሐኪሙ፣ የታናሽ ወንድሟ አለቃ ሳይቀር በሯ ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተዋል። የቧንቧ ሠራተኛው አንዴ ካልሲው ተቀዶ ስለነበር አውራ ጣቱን ለመደበቅ እያነከሰ ገብቶ እያነከሰ ወጥቷል።

ጠባዩን የወረሰችው ከአባቷ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲያነጥፉ የኖሩ አናጢ ናቸው። የራሳቸውን ሳሎን ግን ጊዜ ሲያገኙ ብቻ፣ ከሥራ መልስ፣ አንድ አንድ ሳንቃ እያሉ ነው ያነጠፉት፤ እሷ ያኔ ትድህ ነበር። ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ጫማ በር ላይ ይቀራል። የወንበር እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ይለጠፋል። ውሃ በባልዲ አይደፋም፤ ጨርቁ አንጀቱ እስኪወጣ ተጨምቆ ነው እንጨት የሚነካው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰም ይቀባል፣ ሰሙ ጠለቅ ሲል በሱፍ ጨርቅ ይታሻል፤ ያውም በጉልበት ተንበርክኮ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቅዳሜ የእሷ ሆኗል። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጉልበቷ ግን አብቅቶለታል።

ሌላውስ ቀን የማን ነው? እሱም የእሷው ነው። ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ትገባለች፣ ሊጥ ስታነሳና ስትጥል ታረፍዳለች፣ ለምሳ ሰዓት ቤቷ ትደርሳለች። አባቷን ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ከአራት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ጥላና ብርሃን ከመለየት አያልፍም። ከዚያ ጋደም የምትልባት አንዲት ሰዓት አለቻት። በዓለም ላይ የእሷ የምትባል ነገር ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች።

እሷንም ወለሉ ነጠቃት። ለካስ ያ ሁሉ ሰም የተጋተ ወለል አንድ እንከን ነበረበት፤ ይጮኻል። ዓይኗ ከደን ሊል ሲል፣ ጓ! አባቷ ከወንበራቸው ተነስተዋል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ ሲጢጥ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ እህህ የሚል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚመስል ሳንቃ አለ። ከዚያ ደግሞ መልሱ። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ኧረ ይህን ጩኸት አንድ በልልኝ» ሲሏቸው «በሚቀጥለው ሳምንት» ይሉ ነበር። ያ ሳምንት ሠላሳ ዓመት አለፈው። የሰው ቤት ወለል ሲያስተካክል የኖረ አናጢ የራሱን ማስተካከያ ጊዜ አያገኝም፤ እሷ የገባት እንደዚያ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ልቡ ደግ፣ ትዕግሥቱ አጭር ሰው ነው። አንድ እሑድ መጥቶ ፊቷን አየና ኩሽና ይዟት ገባ።

«እታለም፣ አንቺ እኮ እያለቅሽ ነው። መጦሪያ ቤት አይቼላቸዋለሁ፤ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው።»

«ገና መራመድ አላቃታቸውም።»

«እሺ፤ ከአልጋቸው ወደ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ወደ መስኮታቸው ብቻቸውን እስከሄዱ ድረስ እዚሁ ይኑሩ። ያን ያቃታቸው ቀን ግን ይገባሉ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች። ይህን ስትል ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል አላት፤ ስለቀለላትም አፈረች።

ወንድሟ በዚህ አላበቃም፤ እስከዚያው እንቅልፍሽን ላስመልስልሽ ብሎ አናጢ ላከላት። አባቷን ለአሥር ቀን ለጥየቃ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። የመጣው አናጢ አፉም እጁም የማያርፍ ሰው ነበር። ሳሎኑን አንድ ዙር ተራመደና «ይህ ወለል ብዙ አውርቷል እትዬ፤ አሁን ይበቃዋል» አለ።

«አንድም ድምፅ እንዳልሰማ» አለችው።

እንዳለችውም አደረገ። እያንዳንዱን ሳንቃ ከሥሩ ካለው አግዳሚ ጋር በቪቴ አጣብቆ አሰረ፣ የቪቴዎቹን ራስ በስቱኮ ደፈነ፣ ወለሉን በማሽን ላገ፣ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ደረበበት። ከእንግዲህ ሰም አያስፈልገውም አላት። እሷም ሰው በሌለበት ሳሎን በካልሲ ወዲያ ወዲህ ብላ ሞከረችው። ጭጭ። ከደስታዋ ብዛት እንደ ልጅ ተንሸራተተችበት።

አባቷ በተመለሱ ቀን እሷ ዳቦ ቤት ነበረች። ወንድሟ አድርሷቸው፣ አስቀምጧቸው ወደ ቢሮው ሮጧል። በሩን ስትከፍት አባቷ መግቢያው አጠገብ ካለው የእንግዳ ወንበር ላይ ናቸው፤ ኮታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፣ ጫማቸውን እንደ አደራ ዕቃ ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ፊታቸው በራ። «መጣሽ እንዴ! ጎሽ የኔ ልጅ። እኔ እኮ የጥየቃ ሰዓት ያለው መስሎኝ፣ ዛሬ አያስገቧትም ብዬ ነበር።»

«የምን ጥየቃ?»

«አይክፋሽ። ጥሩ ቦታ ነው። ንጹሕ ነው፤ የተቆጣኝም የለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንድምሽማ ቤትዎ ነው ብሎኛል። ምን ይበል? መናገሩ ከብዶት ነው። ስለ መጦሪያ ቤቱ ኩሽና ውስጥ ስታወሩ ሰምቻለሁ እኮ፤ የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

 እሳቸው እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያ ጋ ያለው ሳንቃ ይጮኽ ነበር። አሁን ምንም አላለም። ነገሩ የገባት ያኔ ነው።

እጃቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን የእንጨት መወርወሪያ አስዳሰሰቻቸው። ደጋግመው ዳሰሱት። «አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ የአናጢውን ነገር፣ ቪቴውን፣ ቫርኒሹን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ጥሩ ሠርቷል» አሉ፤ የሙያ ነገር ሆኖባቸው። «ልክ ነው፣ እንዲህ ነው የሚታሰረው።»

«አባባ፣ በድምፁ ነበር እንዴ የሚሄዱት?»

«ታዲያ በምን ልሂድ? ጓ ካለ ወንበሬ ጋ ነኝ። ሲጢጥ ሲል ጠረጴዛው በስተግራ ነው፣ ወገቤን እጠብቃለሁ። የምታስለው መስኮት ነች። ሽንት ቤቱ በር ላይ ያለችው ቀጭ ትላለች።» ፈገግ አሉ። «ለማንም አልነገርኩም። ዓይኔ እንጂ እግሬ አላረጀም እያልኩ ስጎርር ኖሬ፣ ሳንቃ ነው የሚመራኝ ልበል?»

ቤታቸው መሆኑን አመኑ፤ እግራቸው ግን አላመነም። ማግስቱን አንድ ሁለት እርምጃ ሄደው፣ መሀል ሳሎን ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ወዴት እንደሚዞሩ ጠፋቸው። ከዚያ በኋላ መነሳት ተዉ። እሷ ከሥራ እስክትመለስ ወንበራቸው ላይ ይጠብቃሉ፣ ሽንታቸውን ይዘው። እሷም ጋደም ብላ ስትጠብቀው የኖረችውን ዝምታ አገኘች፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አላት። ተነስተው ይሆን? ወድቀው ይሆን? በየደቂቃው ተነስታ ታያለች። ያ ጩኸት የት እንዳሉ ሲነግራት ኖሮ እሷ ስትረግመው ነበር።

ወንድሟ እሑድ እመጣለሁ ብሏል። መጥቶ ቢያይ፣ ስምምነት ስምምነት ነው። ዓርብ ዕለት ሊጥ እየቆረጠች ይህን አሰበች፤ ማንም አይፈርድብኝም አለች። እኔ ምን አደረግኩ? ወለል አሠራሁ። ዝም ብል እሑድ ያልፋል፣ ሰኞ እተኛለሁ፣ ማክሰኞም እተኛለሁ። ደክሟታል፤ ድካሙ ክፋት አይደለም። ግን የአባቷ ጫማ ጭናቸው ላይ ድቅን ይልባት ነበር፣ ያን ቀን መጣሽ እንዴ ሲሏት ፊታቸው መብራቱም።

ቅዳሜ በልማዷ ተንበረከከች። በሰሙ ምትክ ካቻቪቴና ጩቤ ነበር የያዘችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አባቷ።

«ስቱኮውን እየፈለቀቅኩ ነው። ወንበርዎ ሥር ያለችው የትኛዋ ናት?»

 «ቫርኒሹ ይበላሻል እኮ።»

«ይበላሽ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ጫማውን ያውልቅና ይበል።»

ሳቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ፣ አጠገቧ ተንበረከኩ። ጣታቸው ከግድግዳው ጀምሮ ሳንቃ ቆጠረ። «አራተኛዋ። ሁለቱን ብቻ አውጪ፣ ሦስተኛዋን ላላ አድርጊያት። አሁን ርገጫት።» ረገጠቻት። ጭጭ። «አንድ ዙር ጨምሪ።» ጨመረች። ሲወጡ ሲወርዱ፣ እሷ ስትፈታ እሳቸው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ሲለጥፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠብቁ የኖሩ ሰው ሲያስለቅቁ ዋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ጓ አለች። እንደ ሰው ልጅ አጨበጨቡላት። የጠረጴዛዋ ድምፅ ቀጠነ፣ የሽንት ቤቷ ግን ጨርሶ እንቢ አለች፤ እዚያ ላይ በጩቤ ጫፍ ሳንቃው ላይ መስመር ጫረችላቸው፣ በባዶ እግር የሚያገኙት። የምታስለዋ መጨረሻ ላይ መጣች።

እሑድ ወንድሟ መጣ፤ ጫማውን አውልቆ ገባና በአሥር ቀን የተሠራው ወለል በየቦታው ተፈልቅቆ ሲያይ አፉን ከፈተ። ገና አንድ ቃል ሳይወጣው አባቱ ከወንበራቸው ተነሱ። ጓ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ሲጢጥ፣ ወገባቸውን ከጠረጴዛው ሸሸት አድርገው መስኮቱ ጋ ደረሱ። እህህ አለ ሳንቃው።

«ቁጭ በል እንጂ ልጄ» አሉት፣ መስኮቱን እየከፈቱ። «እንግዳ ነህ እንዴ?»

ወንድሟ ተቀመጠ። አባቱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ መጨረሻ ላይ የእሷን እጅ አየ፤ መዳፏ ከካቻቪቴው የተነሳ ውሃ ቋጥሯል።

«እና አንቺስ እታለም?» አላት ቀስ ብሎ። «አንቺ መቼ ነው የምታርፊው?»

 የመጦሪያው ነገር ቀረ እንጂ ድካሟ አልቀረም፤ ሰኞ ሊጥ አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ ቅዳሜ ደግሞ ቫርኒሹ የተላጠበት ሁሉ እንደ ድሮው ሰም ይፈልጋል። «ምሳችሁን አሙቁና ብሉ» ብላ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተጋደመች።

ሳሎን ውስጥ ጓ አለ። ተነሱ አለች በልቧ። ሲጢጥ። ጠረጴዛው ጋ ናቸው። የምታስለዋን ሳንቃ ጠበቀች፤ ሳትሰማት እንቅልፍ ወሰዳት።