አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ

ታናሽ ወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጦ ነፋስን በኮምፒውተር ያሰላል፤ እኔ ምድር ቤት ነፋሱን ራሱን በትልቅ ማራገቢያ እለቃለሁ። ሊሠራ የታሰበውን ቤት አሳንሼ ከእንጨት እቀርጻለሁ፣ ጣሪያውን በመርፌ እበሳለሁ፣ ከየቀዳዳው ቀጭን ቱቦ አውጥቼ ግፊቱን እለካለሁ። የሱ ስሌት ከኔ ልኬት ካልገጠመ አይታመንም።

ዛሬ "ልክክ አለ!" ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ግድግዳው ላይ በበራው ግራፍ የወንድሜ የስሌት መስመር በሠላሳዎቹ የልኬት ነጥቦቼ ሁሉ ያልፋል። ኮራሁበት። አሥራ ሰባተኛዋን ነጥብ ሳይ ግን ደሜ ፈላ።

አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ የጣሪያው ጥግ ላይ ነው፤ ነፋስ ጣሪያውን ከሁሉ አብልጦ ወደ ላይ የሚስበው እዚያ ነው። ባለፈው ሳምንት ሙጫ አንጠባጥቤ ደፈንኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደብተሬ ላይም "ተደፍኗል፣ አይቆጠር" ብዬ በቀይ ጽፌአለሁ። መሣሪያው ምን ያውቃል፣ ዜሮ ብሎ መዘገበ። የወንድሜም ስሌት እዚያው ላይ ዜሮ! የተደፈነ ቀዳዳ ልኬት ኮረጀ እንጂ ምኑን አሰላ?

ጣሪያው ደግሞ የትምህርት ቤት ነው። ጥጉ በስንት ብሎን እንደሚታሰር የሚወሰነው ዛሬ በሚፈረመው የውጤት ወረቀት ነው።

አለቃችን ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያወጣ ወርጄ ሞዴሉን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩት። ብጣሽ ወረቀት አሥራ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ አስቀምጬ የቀዳዳውን ቱቦ ለወንድሜ ሰጠሁት።

"ንፋ!"

"እትዬ፣ በናትሽ፣ ሰው ፊት…"

"ንፋ አልኩህ!"

ነፋ። ብጣሿ ብን አለች። ወደ አሥራ ሰባተኛው አዛወርኳትና የዚያን ቱቦ ሰጠሁት። ጉንጩ እስኪወጠር ነፋ፣ ዓይኑ ቀላ፤ ወረቀቷ ንቅንቅ አላለችም።

"ደረጃ ወርደህ ደብተሬን ብታይ እግርህ ይሰበር ነበር?"

አለቃው ሳቀ። "አንድ ነጥብ እኮ ናት! አውጧትና ሃያ ዘጠኙ ይበቃናል።" እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ወንድሜ ቱቦውን ከአፉ አወጣ።

"አይፈርሙ" አለ። "ሃያ ዘጠኙንም ያስገጠምኳቸው እኔ ነኝ። እስኪገጥም ድረስ ቁጥር ስነካካ ነው የከረምኩት።"

አለቃው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ወንድሜ እውነቱን ስለተናገረ ንዴቴ የሚበርድ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። አልበረደልኝም። ሞዴሉን አሸከምኩት።

"ቅደም፣ ውረድ! ከአንደኛው ቀዳዳ እንደገና እንጀምራለን።"