እስከ አሥራ አምስት መቁጠር

ዴልመር ጀልባውን የሚሸጠው ወድዶ መሰላችሁ? ኅዳር ላይ ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ ወደቀና ለጥቂት ተረፈ። ልጁ ትዋይላ ከከተማ እየበረረች መጣችና እቅጩን ነገረችው፤ «ወይ አብሮህ የሚወጣ ሰው ፈልግ፣ ወይ ጀልባው ይሸጥ!» ሰው ከየት ይምጣ? ሚዙሪ ውስጥ በጥር ወር፣ ዳክዬ እንኳ በሚንቀጠቀጥበት ውሃ ላይ የትኛው ጤነኛ ይቀመጣል? ጓደኞቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ሚስቶቻቸውን ይፈራሉ። በመጨረሻ ገዢ ተገኘ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ሊወስደው ነው።

«ለመሰናበቻ አንዴ ልውጣበት» ብሎ ለመናት። ትዋይላም በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ እያጉረመረመች ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እዚህ ዓሣ የሚባል ነገር የለም። ቢኖርም በረዶ ሆኗል።»

«አለ እንጂ! ባስ የሚሉት ዓሣ በሙቀቱ ወራት ምግቡን አባሮ ነው የሚይዘው። አሁን ብርዱ አስንፎታል፤ አፉ ድረስ ካላመጣሽለት አይነቃነቅም። ይቺን የውሸት ዓሣ ወርውሪ፣ ሁለቴ ነቅነቅ አድርጊያት፣ ከዚያ ተያት። አትሰምጥም፣ አትንሳፈፍም፤ ውሃው መሃል ቆማ ትጠብቃለች። አንቺ ዝም ብለሽ እስከ አሥራ አምስት ቁጠሪ።»

ትዋይላ ወረወረች፣ ነቀነቀች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ክሩን ጠቀለለችው።

«ሦስት ነው ያልኩሽ?»

«የቀረውን በሆዴ ቆጠርኩት።»

«ሆድሽም እንዳንቺው ችኩል ነው!»

እናቷን ነው የወጣችው። ነፍሷን ይማረውና፣ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከታ ሰባት ጊዜ ከፍታ የምታይ ሴት ነበረች። ግን ዴልመር ራሱ በምኑ ይመካል? ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ ዓሣ ቢነክስም አይሰማውም፤ ክሩን በዓይኑ ነው የሚጠብቀው። የማጥመጃ ዘንጉ ክር ማሳለፊያ ቀለበቶች ላይ በረዶ ሲጋገር ውሃ ውስጥ እየነከረ ያሟሟዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። አርባ ዓመት የኖረበትን ጀልባ በባዶ እጅ መሰናበቱ አንገበገበው።

የትዋይላ ስልክ ጮኸ። ገዢው ነው።

«አቤት ጌታዬ! አዎ፣ ሞተሩ ደህና ነው» አለች፣ ዘንጉን ጉልበቶቿ መሃል ሰክታ። የወረወረቻትን የውሸት ዓሣ ጭራሽ ረስታታለች። «መቀመጫው? መቀመጫው ትንሽ ተቀዷል። አባቴ አርጅቶ ነው እንጂ፣ እጁ አልታዘዝ ብሎት...»

ዴልመር ይህን ላለመስማት ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ክሯን ያየው ያን ጊዜ ነው። ላልቶ ተኝቶ የነበረው ክር ቀስ ብሎ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ።

«ትዋይላ!»

«አንዴ አባዬ፣ ሰውዬው እኮ...»

«ሳቢ! አንቺ ልጅ፣ ሳቢ!»

ስልኩ ጀልባው ወለል ላይ ወደቀ። ዘንጉ ጎበጠ።

«ኧረ ጉድ! ኧረ አባዬ፣ ይዞኝ ሊሄድ ነው!»

ዴልመር መረቡን ይዞ በአሮጌ ጉልበቱ ተንበረከከ። አምስት ፓውንድ የሚሞላ፣ ሆዱ የተነፋ ባስ ወጣ። አባትና ልጅ አብረው ጮኹ። ትዋይላ ግንባሩን ሳመችው፤ የዓሣውን ማለቴ ነው። ዴልመርም እንደ ልማዱ ቀስ አድርጎ ወደ ውሃው መለሰው።

«ስንት ደርሼ ነበር?» አለች ትዋይላ።

«መቶ ሳይሞላ አይቀርም። ስለ ተቀደደው መቀመጫዬ ስታወሪ።»

ሳቀች። ብርድ ልብሱን ወዲያ ጥላ እንደገና ወረወረች። ሁለቴ ነቀነቀችና እጇን ሰበሰበች።

ወለሉ ላይ የወደቀው ስልክ እንደገና ጮኸ። ዴልመር ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። እኩለ ቀን ሊሆን ነው።

«ሰውዬው ነው፤ አንሺው» አላት።

ትዋይላ ዓይኗን ከክሩ ላይ አልነቀለችም።

«አትረብሸኝ አባዬ» አለች። «ገና አሥራ አንድ ላይ ነኝ።»