ባለ አንድ ፊደል የቤተሰብ ስም

«ወደቀ!» ሊንዳልቫ ከወንበሯ ብድግ ብላ ጮኸች። «ፈተናው ወደቀ! ስሜን አልቀበልም አለ!»

አሥራ አራት ፕሮግራመሮች በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ቁርሳቸውን፣ ፓሞኛቸውን፣ ጥለው ኮምፒውተሯን ከበቡት። ስሜን አልተቀበለኝም ብሎ እንዲህ የፈነደቀ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

የካምፒና ግራንዴ ከተማ ፕሮግራመሮች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ኮሌጅ ክፍል ይሰበሰባል። ክፍያ የለውም። ዘንድሮ የያዙት ሥራ የዓለም ፕሮግራሞች የሰው ስም ሲመዘግቡ የሚከተሉትን ክፍት ስታንዳርድ፣ ማለትም አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የሚያወጣውን የጋራ ደንብ፣ መፈተሽ ነው። በረቂቁ ላይ ማንም አስተያየት መስጠት ይችላል፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት።

ረቂቁ «የቤተሰብ ስም ከሁለት ፊደል አያንስም» ይላል። የሊንዳልቫ የቤተሰብ ስም ግን «ኦ» ነው። አንድ ፊደል፣ አለቀ። የሙከራ ፕሮግራሟ ስሟን ሲጥለው የረቂቁ ጉድለት በማስረጃ ተያዘ ማለት ነው።

«ስንት ኦዎች አላችሁ?» አለ የማኅበሩ መሪ ዡራንዲር።

«በእኛ ቤተሰብ ብቻ ሠላሳ ሰባት ነን፣ ጋሼ።»

«አያቶችሽ ፊደል ቆጥበው ልጅ አበዙ በያ!» አለች ጓደኛዋ ኦታሲሊያ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሊንዳልቫ ግን አልሳቀችም። «አምና የእናቴን ስም የክሊኒኩ ማሽን እምቢ ሲል ጸሐፊዋ ሌላ ፊደል ጨመረችበት። የእናቴ የራጅ ውጤት ሁለት ወር ጠፋ። በመዝገቡ መሠረት ሁለት ወር ሙሉ ታማ የተኛችው ሌላ ሴት ነበረች።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደየኪቦርዱ ተመለሰ። አስተያየቱን ጽፈው፣ ፈተናውን አያይዘው ላኩት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮሚቴው በኢንተርኔት ተሰብስቦ ሳለ፣ ሰብሳቢዋ ጠየቀች፦ «ከካምፒና ግራንዴ የመጣውን ማን ያስረዳል?»

እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፈው ዡራንዲር እንደ ወትሮው ማይክሮፎኑን ሊያነሳ ሲል ሊንዳልቫ እጁን ያዘችው።

«ተው ጋሼ፣ ስሙ የኔ ነው።»

በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተንተባተበች አስረዳች። አንድ የኮሚቴ አባል ተቃወማት፦ «ባለ አንድ ፊደል ስም አብዛኛውን ጊዜ የትየባ ስህተት ነው።»

«እናቴ የትየባ ስህተት አይደለችም» አለች።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ድምፅ አሰጠች፤ ሰባት ለሁለት። ደንቡ ተሰረዘ!

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ጠረጴዛው ተደበደበ፣ ኦታሲሊያ ወንበር ላይ ወጥታ ጨፈረች።

«የረቂቁን አዲስ ክፍል የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል» አለች ሰብሳቢዋ ጩኸቱ ጋብ ሲል። «የስድስት ወር ሥራ ነው። ከእናንተ የሚችል አለ?»

ሁሉም ዡራንዲርን አዩ። እሱ ሊንዳልቫን አየ።

«ሳትቸኩይ አስቢበት» አላት በሹክሹክታ። «ያለ ክፍያ ነው፤ ደግሞ በእንግሊዝኛ።»

ማይክሮፎኑ አሁንም እጇ ላይ ነበር። ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ቀጣዩ ስብሰባ መቼ ነው?» አለች።