ቤታችን ናሙና ውስጥ ሲገባ

ወንድሜ ከሞተ አራተኛ ወሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተመለስኩት ሰው ሁሉ «ቤት መዋል ይብስብሻል» ስላለኝ እንጂ የፖለቲካ ሳይንስ ናፍቆኝ አይደለም። መምህራችን ስለ ሥልጣን ሲያስረዱ እጄ ይጽፋል፤ እኔ ግን የለሁበትም።

የጥናት ዘዴ ላይ ስንደርስ መጠይቅ ይዘን ወጣን። ሰዎች በምርጫ ምን ያህል እንደሚያምኑ ልንጠይቅ፣ ቤት እየቆጠርን ሰባተኛ ሰባተኛውን እናንኳኳለን። አብሮኝ የተመደበውን ልጅ «ቃለ ጉባኤ» ነው የምንለው፤ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ይመዘግባል። በሁለተኛው ቀን እኛ ሰፈር ገባን፤ ቆጥሮ ቆጥሮ አንድ በር ላይ ቆመ።

«የእናንተ ቤት እኮ ነው። እንዝለለው?»

«መዝለል አይቻልም። እኔ ዘመድ ነኝ፣ አንተ ጠይቅ።»

ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«አባባ፣ እዚህ ቤት ዕድሜው ለመምረጥ የደረሰ ስንት ሰው አለ?»

«ሦስት» አለ አባዬ።

ቃለ ጉባኤ እውነቱን ያውቃል፤ የወንድሜ ቀብር ላይ ነበር።

«ሦስት ልበል?»

«እኔ፣ እሷ፣ እሱ። ሦስት።»

«እሺ። ድምፅ በትክክል ይቆጠራል ብለው ያምናሉ?»

«እንጃ ልጄ። ጋዜጣ የሚያነብልኝ እሱ ነበር።»

ስንወጣ ቃለ ጉባኤ ወረቀቱን ሰጠኝ። «ምን ላድርገው?» አለኝ። ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ መምህራችንን ጠየቅኩ፤ የማን ቤት እንደሆነ አልተናገርኩም። «መላሹ ያሉትን አትሰርዙ» አሉ። «ስህተት መሆኑን ካወቃችሁ ምክንያቱን ከጎኑ አስፍሩ።»

ከጎኑ «ልጃቸው ከአራት ወር በፊት ሞቷል» ብዬ ጻፍኩ። «ሞቷል» የሚለውን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ቀጣዩን ወረቀት አነሳሁ።

ቤት ስገባ አባዬ ሶፋው ላይ ኳስ እያየ ነበር።

«ትናንት አጠፋሁ አይደል?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋህም።»

«ሁለት መሆናችንን አውቃለሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱ ቡድን ጎል አገባ፤ የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም አላየንም።