ከተሳቢው ስር

በትውልዱ የአርማጭሆ ሰው የሆነው ደሞዝ በሥራ ቀን ትራክተር ይነዳል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የገንዳ ውሃ ከተማ ቡድን ግብ ጠባቂ ነው። የሚሠራበት እርሻ ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ መሬት ነው። ትራክተሩንም ግቡንም የሚወደው ሁለቱም ዓይን ስለሚፈልጉ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሲያወራለት ኳስ ከእግር ሳትነሳ ያያታል ይል ነበር።

ባለፈው ጥቅምት የሆነው ግን ከዓይኑ ውጪ ሆነ። ሰሊጡ ደርሷል። ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው እየተሰነጠቀ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአገሩ አጠራር ሳሉጎቹ፣ ጎህ ሲቀድ ጀምረው ያጭዳሉ። ቀትር ላይ ግን ፀሐይዋን የሚችላት የለም። ሜዳው ተመንጥሮ ያለቀ ስለሆነ ዛፍ የሚባል ነገር አይታይበትም። ያለው ጥላ ከትራክተሩ ተሳቢ ስር ያለው ብቻ ነው። አንዱአምላክ የሚባል የሞጣ ሰው ምሳውን በልቶ እዚያው ገባና ጋደም አለ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ደሞዝ የውሃ በርሜሎቹን ሊያመጣ ሞተሩን አስነሳና ማርሽ አስገባ። ጩኸቱን የሰማው የተሳቢው ጎማ የሆነ ነገር ላይ ወጥቶ ሲወርድ ከተሰማው በኋላ ነው።

አንዱአምላክ አልሞተም። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ደሞዝ ራሱ አቅፎ የእርሻው ፒካፕ መኪና ላይ አስተኛው፤ ሆስፒታል ግን አብሮት አልሄደም። የእርሻው ኃላፊ አያ ስሜነህ አስቀሩት። አያ ስሜነህ ሃምሳን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በቆላ እርሻ የኖሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ፖሊስ መጥቶ ሰዉን ሁሉ ጠይቆ፣ አደጋ ነው ብሎ ከሄደ በኋላ ደሞዝን ጠርተው ትራክተሩ ላይ ተመልሶ እንዲወጣ አዘዙት። ክፋት አልነበረም። ከበቅሎ የወደቀ ዕለቱን ተመልሶ ካልወጣ ዳግመኛ አይጋልብም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ደሞዝም ወጣ። እስኪመሽ ሰሊጥ ሲያመላልስ ዋለ።

ሰዉ ነገሩ ያለፈ መሰለው። ደሞዝ ራሱም መጀመሪያ ላይ እንዲያ መስሎት ነበር። ከዚያ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከተሳቢው ስር ማየት ጀመረ፤ ይህ ደግ ነው። ቀጥሎ ግን አይቶ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ይወርድ ጀመር። ጥቂት ነድቶ ያቆማል፤ ወርዶ ወደ ኋላ ሄዶ የጎማውን ዱካ ያያል። ሌሎቹ ሹፌሮች ምን ጠፋብህ እያሉ ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ምግብ ማስገባት አቃተው፤ እንቅልፉም ተቆራረጠ። አንዱአምላክ ከሆስፒታል ወጥቶ እዚያው ገንዳ ውሃ ከአክስቱ ልጅ ዘንድ እንዳረፈ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ አላለፈም፤ ባጃጅ ሲሳፈር እንኳ ዞሮ እንዲሄድለት ይለምናል።

ጥር ላይ የቆላ ከተሞች የእግር ኳስ ውድድር ተጀመረ። የገንዳ ውሃን ቡድን የምታሠለጥነው አሰፋች ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ስትሆን፣ በወጣትነቷ ለክልሉ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበረች። ወንዶችን ሴት ታሠለጥናለች ወይ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር ወሬው በራሱ ጊዜ ቆመ። አሰፋች ደሞዝ እንደተለወጠ ካየች ሰንብታለች። በልምምድ ሰዓት ምሰሶውን እየዞረ ይነካካል፣ መረቡን ይጎትታል፣ ከግቡ ጀርባ ይመለከታል። ልትጠይቀው አስባ ተወችው። የግብ ጠባቂ ነገር ነው፣ ያልፋል አለች።

ከአብርሃ ጅራ ቡድን ጋር በትምህርት ቤቱ ሜዳ በተደረገው ጨዋታ ግን አላለፈም። ከሩቅ የተመታች፣ ለሕፃን እንኳ የማትከብድ ኳስ መጣች። ደሞዝ በዚያች ቅጽበት ዞሮ ከኋላው እያየ ነበር። ኳሷ በአጠገቡ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተጨመረች። የቡድኑ አምበል ባየልኝ፣ የልጅነት ጓደኛው ነው፣ ከመሐል ሜዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተኝተሃል እንዴ አለው። ባየልኝ ይህችን ያላት ማንም ተጫዋች እንደሚላት ነው። ደሞዝ ግን መተኛት የሚለውን ቃል ሲሰማ ግቡን ትቶ ከመረቡ ጀርባ ዞረ፤ ጎንበስ ብሎም መሬቱን ያይ ጀመር። በእረፍት ሰዓት አሰፋች ቀየረችው። ጓንቱን አውልቆ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳይሰናበት በትምህርት ቤቱ የጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።

ልምምድ ቀረ። ስልኩንም አያነሳም። አሰፋች ትምህርት በሌለበት ቀን ባጃጅ ተከራይታ እርሻው ድረስ ሄደች። ደሞዝን የሠራተኞቹ ካምፕ ውስጥ፣ በጠፍር በተሠራው የሱዳን አልጋ፣ አንገረብ በሚሉት ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስለ ኳስ አላነሳችበትም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማሽላው ውቂያ፣ ስለ መንገዱ አወሩ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጀመረ።

«ተሳቢው ወጥቶ ሲወርድ አሁንም ይሰማኛል። መንገዱ ለጥ ያለ ሆኖ ምንም ሳይኖርበት ይሰማኛል። ሜዳ ላይም ቆሜ ይሰማኛል።»

አሰፋች ሆስፒታሉ ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚያይ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለች፣ አብራው እንደምትሄድ ነገረችው። ደሞዝ ፊቱ ተለወጠ። አላበድኩም አላት።

«አበድክ ያለህ የለም» አለችው። «እግሩ የተሰበረውን ሰው ሐኪም አየው። አንተን ማን አየህ?»

ደሞዝ ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ።

አያ ስሜነህን ጥቂት ቀን እንዲለቁት ስትለምናቸው እንቢ አሉ። ማሽላው እየተወቃ ነው፤ ትርፍ ሹፌር የለም። ደግሞም ሰውን ከሥራ ማራቅ ፍርሃቱን ማደለብ ነው አሉና የበቅሎዋን ነገር ነገሯት። አሰፋች አክብራ አዳመጠቻቸው።

«እርስዎ ልክ የሚሆኑት በቅሎዋ የጣለችው እሱን ቢሆን ነበር» አለች። «እሱ ግን የሚፈራው መውደቅን አይደለም፤ ሰው መጣልን ነው። ዕለቱን ተመልሶ መውጣቱ ይህንን አላስረሳውም፤ እስኪመሽ ብቻውን ይዞት እንዲነዳ ነው ያደረገው።»

አያ ስሜነህ ወደ አውድማው ዞረው የቀሩትን ክምሮች ቆጠሩ። ከዚያ እስከ ሰኞ ይሁን አሉ።

ባለሙያዋ ደሞዝን ረጅም ሰዓት አዳመጠችው። የሚሆነው ነገር በሹፌርም በወታደርም የሚታወቅ መሆኑን፣ ስምና ሕክምና እንዳለው አስረዳችው። ደጋግሞ ወርዶ ማየቱ ፍርሃቱን እንደሚመግበው ነገረችው፤ አንድ ጊዜ በደንብ ማየት፣ ከዚያ ዓይንን ማመን መልመድ አለበት። ይህ ባንድ ቀን የሚመጣ አይደለምና በቀጠሮ እንዲመላለስ አደረገችው። ሊወጣ ሲል የተጎዳውን ሰው ከዚያ ወዲህ አይተኸዋል ወይ አለችው። አላየሁትም አለ። አሰፋች በር ላይ ትጠብቀው ነበር። ወዴት እንሂድ አለችው፤ እሱ ራሱ አንዱአምላክ ያረፈበትን የመጋዘን ሰፈር ጠራ።

አንዱአምላክ የአክስቱ ልጅ በሚሠራበት የሰሊጥ መጋዘን በር ላይ፣ እግሩን ሳጥን ላይ ዘርግቶ፣ በወስፌ የጆንያ አፍ ይሰፋል። መቆም ስለማይችል ያገኘው ሥራ ይህ ነው። ለእናቱ እግሬ ተሰበረ አላላትም፤ ሥራ አላለቀም እያለ በስልክ ያታልላታል፤ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ አገሩ መግባት አልፈለገም። አሰፋች ከመንገዱ ማዶ ቀረች። ደሞዝ ብቻውን ተሻገረ፤ ከአንዱአምላክ ፊት ቆመ።

አንዱአምላክ ቀና ብሎ አይቶት ወደ ስፌቱ ተመለሰ። በጎጃም አነጋገሩ፣ ረጋ ብሎ ነበር የተናገረው።

«እንዳላየኸኝ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አላይም ነበር። በእግሬ አልተቀየምኩህም። የተቀየምኩህ ባለመምጣትህ ነው። ሆስፒታል ተኝቼ በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ።»

«ፈራሁ» አለ ደሞዝ። «እንዳትረግመኝ ፈራሁ።»

«ብትመጣ ምናልባት እረግምህ ነበር። ከዚያ ያልፋል።»

ዕርቅ የሚባል ነገር አልተደረገም፤ አልተቃቀፉም። አንዱአምላክ የጆንያውን አፍ ያዝልኝ አለው። ደሞዝ ተንበርክኮ ያዘለት። እስከ ቀትር አንዱ እየያዘ አንዱ እየሰፋ ቆዩ። ስለዚያች ቀንም እያነሱ እየጣሉ አወሩ፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ ሞተሩ ሲነሳ ለምን እንዳልነቃ። አንዱአምላክ አንድ ነገር ደጋግሞ አነሳ። ዳስ ነገር ቢኖር እኔን ከብረት ስር ምን ያስገባኝ ነበር አለ። ደሞዝ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ስላላየው ዓይኑና ማርሽ ስላስገባው እጁ ብቻ ነበር ሲያስብ የከረመው።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሮቹ ሥራ ለመከፋፈል ሲሰበሰቡ ደሞዝ ቃል ለመናገር ጠየቀ። አያ ስሜነህ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሰው አልነበረም። ከአደጋው ወዲህ ምን እንደሚሰማው፣ ሆስፒታል እንደሄደ፣ አንዱአምላክን እንዳገኘው ተናገረ። የሳቀበት የለም። ከዚያ ወደ አያ ስሜነህ ዞረ።

«አያ ስሜነህ፣ እኔ ዝቅ ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ ይህን አልክድም። ግን ሰው ከተሳቢ ስር የሚገባው ሌላ ጥላ ስለሌለው ነው። ዳስ እንሥራ። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ጡሩምባ ይነፋ፣ አንድ ሰው በእግሩ ዞሮ ይይ።»

አያ ስሜነህ ሥራችሁን ጀምሩ ብቻ ብለው ሄዱ። ደሞዝ ከሥራ የሚባረር መሰለው። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ከሜዳው ዳር እንጨት ተራገፈ፤ የማሽላ አገዳ ተከመረ። ከሁሉ ቀድመው ጉድጓድ የቆፈሩት እሳቸው ነበሩ። ደሞዝ ምሰሶውን ሲያቆምላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያን ቀን ትራክተሩ ላይ መልሰው ካወጡት በኋላ እሱን ማየት አቅቷቸው ግምጃ ቤት ገብተው ተቀምጠው እንደዋሉ ነገሩት። ምሰሶው ቀጥ ማለቱን አይተው አፈሩን በእግራቸው ረገጡት።

ደሞዝ ወደ ልምምድም ተመለሰ። የሆነውን ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ባየልኝ አንገቱን ደፋ። ተኝተሃል ማለቱ ምን እንዳደረገ አላወቀም ነበር። አሰፋች ማንንም አልወቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ግብ ሲገባ ቅርብ ያለው ተከላካይ ወደ ግብ ጠባቂው ሄዶ ትከሻውን እንዲነካና ያለ ንግግር ወደ ቦታው እንዲመለስ አደረገች። መጀመሪያ ልጆቹ አፈሩ፤ ኋላ ለመዱት።

ወደ ቦታው ግን ወዲያው አልመለሰችውም። በእሱ ፈንታ የገባው አዛናው ጥሩ እየተጫወተ ስለነበር፣ ከአብደራፊ ጋር በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ደሞዝ አግዳሚ ላይ ዋለ። ለምን እንደሆነ ፊት ለፊት ነገረችው፤ ከፋው፤ ቢሆንም መጣ። ከግቡ ጀርባ ቆሞ ለአዛናው የተጫዋቾቹን አመል እየነገረ ዋለ። ተሸነፉ። ለሦስተኛ ደረጃ ከአብርሃ ጅራ ጋር በድጋሚ ሲገናኙ አዛናው ጣቱ አብጦ ስለነበር ደሞዝ ገባ። አንድ ግብ ገባበት፤ ተከላካዩ መጥቶ ትከሻውን ነካው። አንዴ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ከዚያ አልዞረም። ጨዋታው አንድ እኩል አለቀ፤ በመለያ ምት ገንዳ ውሃ ተሸነፈች። ደሞዝ ከመጡበት ምቶች አንዱን አድኗል፤ አልበቃም። ተመልካቹ እያጉረመረመ ሲበተን አሰፋች አጠገቡ መጥታ ስለ ሁለተኛዋ ምት ጠየቀችው፤ የተጫዋቹን ዳሌ አይቶ ኳሷ ወደ ግራ እንደምትሄድ አውቆ ነበር፣ ሲዘል ግን ዘገየ። እዚያው ቆመው በእጅ እያሳዩ ተከራከሩ።

የካቲት ላይ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል አንዱአምላክ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ያዘ። እያነከሰም ቢሆን በዱላ ይሄዳል። ደሞዝ ሻንጣውን ጣሪያው ላይ አስጫነለት። አንዱአምላክም ለእናቱ እውነቱን ትናንት ማታ እንደነገራት፣ እንዳለቀሰች፣ ቀጥላም የማን ልጅ ነው ያደረገው ብላ እንደጠየቀችው አወራው። ምን አልካት አለ ደሞዝ።

«የአርማጭሆ ሰው ነው፣ ጆንያ መያዝ ይችላል አልኳት» አለ አንዱአምላክ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ ረዳቱ አውቶቡሱን ዞሮ አይቶ በሩን መታ።