ኮቱን የያዘችው ሴት

ባሮክ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ቅጥረኛውን ነፍሰ ገዳይ ዘርጋውን ሆኖ ሲተውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሲጮህ ነው የዋለው። ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሽጉጡን ያወዛውዛል። በአራተኛው ቀን የድራማው አዘጋጅ ሳምራ ቀረጻውን አስቁማ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ይሄን ሰውዬ ማንም አይፈራውም» አለችው። «ተቀጥሮ የሚገድል ሰው እኮ ምን ያናድደዋል? ሥራው ነው። አንተ በሕይወትህ የምርህን የፈራኸው ሰው የለም?»

ነበረ።

ባሮክ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ በሞተ በአራተኛው ወር፣ ቦልቴ የሚባል ሰው ሁለት ወንዶች አስከትሎ ጉኑኖ ያለው ግቢያቸው ገባ። የላከው የአባቱ ታላቅ ወንድም ማሞ ነበር፤ መሬቱን ስለፈለገው መበለቲቱ ተማርራ ለቃ እንድትሄድለት። ቦልቴ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚቀጠር ሰው ነው። አልጮኸም። ኮቱን አወለቀ፣ አጠፈው፣ ለባሮክ እናት ለጥሩነሽ ዘረጋላት።

«እህቴ፣ እንዳይቆሽሽ ይችን ያዢልኝ» አላት ለስለስ ባለ ድምፅ።

ያዘችለት። እሱ የጓሮውን እንሰት፣ ለመድረስ አንድ ዓመት የቀረውንም ገና ችግኝ የሆነውንም፣ በገጀራ እየቆረጠ ሲጥል እሷ ኮቱን በሁለት ክንዷ ታቅፋ ቆመች። ሲጨርስ ተቀበላት፣ አራገፈው፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ።

መሬቱን እንኳ የአገር ሽማግሌ ገብቶ አስቀረላቸው። እንሰቱ ግን በአንድ ክረምት የሚተካ ነገር አይደለም። ያን ዓመት ቤቱ ተራበ። ታላቅ እህቱ ሜላት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ ሻሸመኔ ሰው ቤት ገባች። በሁለተኛው ዓመት አስከሬኗ መጣ።

ባሮክ ወደ ካሜራው ተመለሰ። በታሪኩ ውስጥ ዘርጋው የአንዲት መበለት ቤት ሊያቃጥል መጥቷል። ኮቱን አወለቀ፣ አጠፈው፣ መበለቲቱን ሆና ለምትተውነው ለኢየሩሳሌም ዘረጋላት። «እህቴ፣ እንዳይቆሽሽ ይችን ያዢልኝ።» ኢየሩሳሌም ጽሑፉ ላይ የሌለ እንባ አነባች። መብራት የያዘው ሰው ሳይቀር ትንፋሹን ዋጠ። ሳምራ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮቱን በድራማው በየክፍሉ አስገባችው። ባሮክም የቦልቴን ቀኝ እግር ጎተት ማድረግና ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግበትን ሁኔታ አንድ በአንድ ጨመረበት።

ቦልቴ በዚህ ጊዜ ሶዶ የሚኖር ሽበታም ሰው ሆኗል። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አባል ነው፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል። ድራማው መታየት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት የመናኸሪያ ባጃጅ ነጂዎች አረማመዱን እያዩ «ዘርጋው» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ቦምቤ ከተማ ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ ሙቀት ሆኖበት ኮቱን ቢያወልቅ፣ ወጥ ስታወጣ የነበረች ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ፊቱ ቆመች።

«እኔም ይዤልህ ነበር» አለችው፣ «ቡናዬን የቆረጥክ ዕለት።»

ወሬው ሶዶ ከሱ ቀድሞ ደረሰ። ኮሚቴው ጠርቶ ጠየቀው። ከአባልነትም አወጡት። ባሮክ ይህን ሁሉ የነገሩትን ሰዎች ደግመው እንዲነግሩት ይለምን ነበር። አንድ ቀን ሆን ብሎ ቦልቴ ከሚቀመጥበት ሻይ ቤት ገብቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሰውየው አየው፣ ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ወጣ። ባሮክ የዚያን ቀን የበላው ምሳ እንደጣፈጠው ሌላ ምሳ ጣፍጦት አያውቅም።

በሳምንቱ እናቱ ከጉኑኖ እሱ ወዳለበት ሶዶ መጣች። ድራማውን ጎረቤት ቤት አይታለች። ትመርቀኛለች ብሎ ጠበቀ።

«ያቺ ልጅ ለምን አለቀሰች?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«የቷ ልጅ?»

«እኔን የሆነችው። እኔ አላለቀስኩም። አንተ ከበሩ ኋላ ነበርክ። ከጮህኩ ትወጣለህ፣ ከወጣህ ደግሞ ይመቱሃል ብዬ ነው ኮቱን የያዝኩት። አሁን ገበያ ስወጣ ሰው እጄን እያየ ያዝንልኛል።»

«ልበቀልልሽ ብዬ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ጠይቀኸኛል?»

መልሱን አልጠበቀችም። «የሰውየውን ቤት ታውቀዋለህ? ውሰደኝ» አለችው።

ቦልቴ በሩን ራሱ ከፈተ። ከስቷል። ባሮክን ሲያይ ወደ ኋላ አለ፤ ጥሩነሽን ያወቃት ግን ቆይቶ ነው።

«ልጅሽ ገደለኝ» አላት።

«አልሞትክም፤ ቆመሃል።»

«ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«የቆረጥክበት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሌላው ጋ ተከልኩ እንጂ እዚያ እጄን አላሳረፍኩም። ሰኞ ዶማህን ይዘህ ና።»

ባሮክ አይመጣም ብሎ ነበር። ሰኞ ግን ቦልቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ፤ ይህን ካደረገ ስሙ የሚመለስለት መስሎታል። ጎረቤቱ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ጥሩነሽ ስልሳ ችግኝ አቀረበችለትና ዱካ ላይ ተቀምጣ ታየው ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ውሃ ለመነ።

«ጎረቤት ጠይቅ» አለችው።

ከአጥሩ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባሮክ ጆጉን ይዞ ከወገቡ ቀና አለ። የሽማግሌው እጅ ደም መቋጠሩን አይቶ ነበር። እናቱ ዞር ብላ አየችው። ተመልሶ ተቀመጠ። ሻይ ቤት የቀመሰው ደስታ የልጅ ጨዋታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው፤ የሷ ቂም ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ የኖረ ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቦልቴ ስልሳኛውን ተከለ። ዶማውን ተደግፎ ፊቷ ቆመ።

«እንግዲህ ይቅር በይኝ።»

«ሲደርስ ና፤ ያን ጊዜ ጠይቀኝ።»

«ስድስት ዓመት ነው እኮ። እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሰውየው እግሩን እየጎተተ ወደ መንገዱ አመራ። ጎረቤቶቹ ሳይነጋገሩ መንገድ ለቀቁለት። ጥሩነሽ ተነስታ በየረድፉ እየሄደች ችግኞቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች። ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አንዷ ላላችባት።

«ቦልቴ» ብላ ተጣራች። «ይቺን አላጠበቅካትም።»

ተመለሰ። ተንበርክኮ አፈሩን በመዳፉ ይጠቀጥቅ ጀመር። እሷም እስኪጨርስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲጨርስም አለፍ ብላ የሚቀጥለውን ነካች።